ከድግሱ የሚቀድመው፦ የበዓል ዕረፍትና የሠራተኛ ግብዣ በባሕር ዳር

የበዓል ዋዜማ በደረሰ ቁጥር በባሕር ዳር ሆቴሎች፣ ፋብሪካዎች፣ ባንኮች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና የግንባታ ቦታዎች ሠራተኛው እርስ በርሱ የሚጠያየቀው ነገር ተመሳሳይ ነው። ስንት ቀን ይዘጋል? ተረኛው ማን ነው? ደመወዝ ቀድሞ ይገባል ወይ? ለበዓልስ ምን ታስቧል? አሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በደስታና በአደባባይ የሚመልሱት የመጨረሻውን ጥያቄ ነው። ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ ዶሮው ወይም የአዳራሹ ግብዣ በሥራ አስኪያጁ የመልካም ምኞት ንግግር ታጅቦ ይቀርባል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ግን ብዙ ጊዜ በቃል፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ አንዳንዴም በወሬ ነው የሚሰማው። ይህ ዳሰሳ ቅደም ተከተሉ መስተካከል አለበት ብሎ ይከራከራል። መዘጋቱ፣ ክፍያውና ተራው በቅድሚያ ታውቀው፣ በጽሑፍ ሰፍረው ሲያበቁ ነው ግብዣ የሚያምረው። አንድ አሠሪ በዓልን በአግባቡ መያዝ አለመያዙም መታየት ያለበት ከሁሉ በታች ባሉት ላይ ነው፤ በዓሉን በር ላይ ቆሞ በሚያሳልፈው ጥበቃ፣ ሥራ በመዘጋቱ የዕለት ጉርሱ በሚቀርበት የቀን ሠራተኛ፣ በዓሉ ከብዙኃኑ በዓል በሚለየው ባልደረባ።

ከሕጉ እንጀምር፤ ሕጉ ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ግልጽ ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 73 የሕዝብ በዓላት ደመወዝ የሚከፈልባቸው መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንቀጽ 74 በወር የሚከፈለው ሠራተኛ በበዓል ቀን ባለመሥራቱ ደመወዙ አይቀነስም። በአንቀጽ 75 ደግሞ በበዓል ቀን የሠራ ሰው ለሠራበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ የመደበኛ ሰዓት ክፍያውን እጥፍ ያገኛል፤ ያ ሥራ የትርፍ ሰዓት ከሆነ ስሌቱ ወደ ሁለት ተኩል ከፍ ይላል። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የግል አሠሪው በበዓል ላልተሠራበት ቀን እንዲከፍል አያስገድድም፤ የእኛው አዋጅ በዚህ ረገድ ከእነርሱ የተሻለ መሠረት ጥሏል። ገንዘቡም ቢሆን አሠሪን የሚያከስር አይደለም። በወር 6,000 ብር የሚያገኝና በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ አስተናጋጅን ለምሳሌ እንውሰድ። የወር ሰዓቱ 208 ስለሚሆን የአንድ ሰዓት ክፍያው 28 ብር ከ85 ሳንቲም ገደማ ነው፤ በበዓል ቀን ለ8 ሰዓት የሚደርሰው እጥፍ ክፍያ 461 ብር አካባቢ ይሆናል። ለአንድ የሠራተኛ ግብዣ በግ የሚገዛ ድርጅት፣ በአንዱ በግ ዋጋ የስንቱን ተረኛ የበዓል ክፍያ መሸፈን ይችል እንደነበር አስልቶ ማየት አለበት።

ሕጉ ግን ሁለት ስስ ቦታዎች አሉት። የመጀመሪያው በዓላት ሲደራረቡ የሚታይ ነው። በ2016 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር፤ ይህ ቀን የአርበኞች የድል በዓልም ነው፣ ፋሲካ እንደ ወትሮው የሚውለው ደግሞ እሑድ ነው። ሦስት የዕረፍት ምክንያቶች በአንድ ቀን ተገናኙ ማለት ነው። አዋጁ በዓል ከበዓል ጋር ወይም ከሳምንት ዕረፍት ጋር ሲገጥም ክፍያው የአንዱ ብቻ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ በዚያ ዕለት የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ የዋለች ሠራተኛ ሕጉ የሚሰጣት የአንድ በዓል ክፍያ ነው። በዚያው ሳምንት ረቡዕ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን፣ ዓርብ ሚያዝያ 25 ስቅለት ነበሩ፤ ቀድሞ መርሐ ግብር ያላወጣ አሠሪ በአምስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ይደናገጣል። ሁለተኛውና ከባዱ ስስ ቦታ የቀን ሠራተኛው ነው። በወር ለማይከፈለው ሰው የበዓል ቀን ክፍያው በሥራ ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ እንዲወሰን አንቀጽ 74 ይተዋል። ችግሩ የቀን ሠራተኛው የጽሑፍ ውልም፣ የሠራተኛ ማኅበርም የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ የግንባታ ቦታው ለገና ሁለት ቀን ሲዘጋ መሐንዲሱ ደመወዙ ሳይነካ ያርፋል፤ ሲሚንቶ የሚያቦካው ግን በዓሉ የሁለት ቀን ገቢውን ይወስድበታል፣ ያውም ወጪው ከሌላው ጊዜ በጨመረበት ሰሞን። አዋጁ በአንቀጽ 7 ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ያች አንዲት ወረቀት በየቦታው ብትሰጥ፣ የበዓል ቀን ጉዳይም አንድ መስመር ብትይዝባት፣ ይህ ክፍተት በእጅጉ ይጠብ ነበር።

ባሕር ዳርን ከሌላው ከተማ የሚለየው ነገር በዓሏ የገበያ ወቅቷም መሆኑ ነው። ጥር 11 በሕግ አንድ ቀን ይሁን እንጂ በኑሮው ሦስት ቀን ነው፦ የከተራው ከሰዓት፣ የጥምቀቱ ዕለት፣ የቃና ዘገሊላው ጥር 12። በ2012 ጥምቀት በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ የእንግዳው ተስፋ ጨምሯል። ቢሮው ሲዘጋ የሐይቁ ዳር ሆቴል አልጋ ያነጥፋል፣ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል የሚያደርሱት ጀልባዎች ነዳጅ ይሞላሉ፣ ባጃጁ ከንጋት ጀምሮ ይመላለሳል። የዓሣው ሥራ ደግሞ በራሱ አቆጣጠር ይሄዳል። ዓሣ የጾም ምግብ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ባይቋጭም በጾም ወራት የጣና ቆረሶና አምባዛ ገበያ ይደራልና፣ ዓሣ አራጁና ሻጩ ፋታ የሚያገኙት ሌላው ሰው ሥጋ ፍለጋ ሲሯሯጥ ነው። በከተማዋ ዙሪያ ያሉ የአበባ እርሻዎች ከአውሮፓ ገበያ ጋር የተሳሰሩ በመሆናቸው አበባው የእኛን በዓል አይጠብቅም፤ በደረሰበት ቀን ይቆረጣል። በጣሊያን የጦር ካሣ የተቋቋመው አንጋፋው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለከተማዋ ያስተማረው የፈረቃ ሥራ፣ እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ያሉ ሆስፒታሎች፣ መብራቱ፣ ውኃውና ጥበቃው ሁሉ ሙሉ በሙሉ የሚዘጉ አይደሉም። ስለዚህ «በበዓል ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?» የሚለው ጥያቄ ለዚህች ከተማ ጠባብ ነው። መጠየቅ ያለበት፣ ሌላው ሲያርፍ የሚሠራው ማን እንደሆነ፣ በምን ተራ እንደተመረጠና በምን እንደሚካስ ነው።

እዚህ ላይ አሠሪዎች የሚያነሡት የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ «በዓሉ በዛ።» ከሕዝብ በዓላቱ ሌላ በወር በወር የሚመላለሱት አሉ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። በጎጃም ገጠር በእነዚህ ቀናት ሞፈር አይነሣም፤ ከገጠር የመጣው የቀን ሠራተኛም ልማዱን ይዞት ከተማ ይገባል። ተቋራጩ ጠዋት ሠራተኛ ጎድሎበት ኮንክሪት ሙሌት ሲሰረዝበት መበሳጨቱ አያስወቅሰውም። ነገር ግን ቅሬታው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። የሕዝብ በዓላቱ ቁጥራቸው የተወሰነ፣ በሕግ የታወቁ ናቸው። የወር በዓላቱ በሕግ የዕረፍት ቀን ስላልሆኑ አሠሪው ክፍያ የለበትም፤ ደግሞም ከዓመት በፊት የታወቁ ናቸው። ኮንክሪት ሙሌትን ኅዳር 12 ወይም ኅዳር 21 ላይ አድርጎ በቀረው ሠራተኛ መናደድ የዕቅድ ጉድለት ነው። ቀኑን አስቀድሞ ከሠራተኛው ጋር ተነጋግሮ በሌላ ቀን ማካካስ፣ ወይም በአዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ከሚሰጠው 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ላይ ሠራተኛው ሲስማማ መያዝ ይቻላል። አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችለው በጨረቃ መታየት የሚወሰነው ኢድ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከሁለት ቀን አንዱ ነው፣ ለሁለቱም ተረኛ መድቦ መጠበቅ ከባድ አይደለም። በዋዜማው ማታ ተደውሎለት «ነገ ግባ» የሚባል ሙስሊም ሠራተኛ፣ የገና ተራው ከወር በፊት ለተለጠፈለት ባልደረባው የተሰጠውን ክብር ተነፍጓል።

ከቀኑ ቀጥሎ የሚመጣው የገንዘቡ ጊዜ ነው፤ በእኔ እምነት ከስጦታው ሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። የእኛ ታላላቅ በዓላት ከደመወዝ ቀን ጋር የሚስማሙ አይደሉም። እንቁጣጣሽ የሚመጣው ከጳጉሜን በኋላ ነው፤ በብዙ መሥሪያ ቤት የጳጉሜን ቀናት ለብቻቸው ስለማይከፈሉ፣ የነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ ሊዘረጋ ይገደዳል፣ በመካከሉም የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ አዲስ ዓመትና መስቀል አሉ። ገና ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ይውላል፤ የወሩ ደመወዝ ሊደርስ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ደመወዝን በ30 የሚከፍል አሠሪ ሠራተኛውን ሳያስበው ወደ አራጣ ወይም ወደ ዱቤ ይገፋዋል፤ ከገና በፊት በአምስት ቀን ቢከፍል ግን ምንም ተጨማሪ ሳንቲም አያወጣም፣ ሠራተኛው በጉን ገበያው ሳይጋል ይገዛል። ኢንዶኔዥያ ይህን ወደ ግዴታ ለውጣዋለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በወጣው የሚኒስትር ደንብ አሠሪ ለሠራተኛው የበዓል አበል ይከፍላል፤ ዓመት ለሞላው የአንድ ወር ደመወዝ፣ አንድ ወርና ከዚያ በላይ ላገለገለው በአገልግሎቱ ልክ። ክፍያው የሚደርሰው ከሠራተኛው የራሱ እምነት በዓል ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ ነው። እኛ የወር ደመወዝ የሚያህል አበል ለመጠየቅ ኢኮኖሚያችን ላይፈቅድ ይችላል፤ ሁለቱ መርሆች ግን ያለ ወጪ ሊወሰዱ ይችላሉ። ገንዘቡ ቀድሞ ይድረስ፤ ለእያንዳንዱም በየበዓሉ።

አሁን ወደ ስጦታውና ወደ ግብዣው እንምጣ። ልማዱ መልካም ነው፤ ሠራተኛውን ከቤተሰቡ ጋር የሚያስታውስ አሠሪ መኖሩ የሚያስደስት ነው። ጥያቄው ለማን ይደርሳል፣ ማንንስ ያስቀራል የሚለው ነው። ከውጭ የመጣው የታኅሣሥ ግብዣ አንዱ ምሳሌ ነው። የፈረንጆቹ ገና አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ይውላል፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። በዚያ ሳምንት ጥብስና ክትፎ የቀረበበት ግብዣ ለጿሚው ሠራተኛ ፈተና እንጂ ደስታ አይደለም፤ ሽሮና ሰላጣ ከጥግ አስቀምጦ «የጾምም አለ» ማለትም እንግዳውን በገዛ ቤቱ ባይተዋር ያደርገዋል። በ2016 ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ተጀምረዋል፤ በዚያ ወር የምሳ ግብዣ ያሰበ ድርጅት አብዛኛውን ሠራተኛውን ሳይጠራው ቀርቷል ማለት ይቻላል። መፍትሔው ከራሳችን አቆጣጠር ውስጥ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ረመዳንና የአረፋ ሰሞን ካልገጠሙበት የጋራ ማዕድ ጊዜ ይህ ነው። እርዱ ለሁለቱም እምነት ለየብቻ መሆኑ፣ መጠጡ የግብዣው ማዕከል አለመሆኑ፣ ሰዓቱ ሴት ሠራተኞች በሰላም ቤታቸው የሚገቡበት መሆኑ ቀላል ነገሮች ይመስላሉ፤ ሰው ግን የተጠራ ወይም የተረሳ መሆኑን የሚያውቀው በእነዚህ ነው።

ከግብዣው ይልቅ በሠራተኛው እጅ የተያዘውና የኖረው ልማድ ቅርጫ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ከፋሲካና ከገና በፊት ስም ዝርዝር ይዞራል፣ በሬው ይገዛል፣ ገንዘቡ በሁለትና በሦስት ወር ከደመወዝ ይቆረጣል። አሠሪው ገንዘቡን ቀድሞ ሲያበድርና ግቢውን ሲፈቅድ ከማንኛውም ግብዣ የማያንስ ውለታ ውሏል። የአከፋፈሉን ሥርዓት ጠጋ ብሎ ላየው ትልቅ ነገር አለበት። ሥጋው ቅጠል ላይ በየመደቡ ይቀመጣል፤ ከሽንጡም፣ ከታናሹም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበትና ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ባለ ድርሻ የራሱን ምልክት፣ ስንጥር ወይም ጠጠር ወይም ቁልፍ፣ ይሰጣል፤ ምልክቶቹን አይቶ የማያውቅ ሰው እያነሣ በየመደቡ ላይ ይጥላል። ሥጋውን የሚመድበው ሰው የትኛው መደብ ለእርሱ እንደሚደርስ ስለማያውቅ፣ ሁሉንም እኩል ለማድረግ ይጨነቃል። ሥራ አስኪያጅና ጽዳት ሠራተኛ በአንድ ዕጣ ይቆማሉ። የበዓል ተራም በዚሁ መንገድ ሊወጣ ይገባዋል። የበዓል ቀን ፈረቃ በአለቃው መልካም ፈቃድ ሲመደብ ዘወትር የሚያርፉትና ዘወትር የሚገቡት ይለያሉ፤ አዲስ ገቢው፣ ዘመድ የሌለው፣ ለመናገር የሚፈራው በየዓመቱ ፋሲካን በሥራ ያሳልፋል። ተራው መስከረም ላይ ለዓመቱ በሙሉ በዕጣ ቢወጣ፣ ክርስቲያኑ በኢድ፣ ሙስሊሙ በገና ለመግባት ቢቀያየሩ፣ የግማሹ ቅሬታ ገና ሳይወለድ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ውጪ ሆኖ የሚቀር አንድ ወገን አለ፤ በኤጀንሲ በኩል የሚቀጠረው ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛ። ባንኩ ወይም ሆቴሉ ለሠራተኞቹ ዘይትና ዱቄት ሲያድል «እነርሱ የኛ ሠራተኞች አይደሉም» ይባላል፤ ኤጀንሲው ደግሞ ውሉ ውስጥ የበዓል ክፍያ አልተካተተም ይላል። በሩን የጠበቀው ሰው ሌሎች ካርቶናቸውን ተሸክመው ሲወጡ በር ይከፍትላቸዋል። ይህ ሕጋዊ ክርክር ሊኖረው ይችላል፤ ሥነ ምግባራዊ መከላከያ ግን የለውም። አገልግሎቱን የሚገዛው ድርጅት ከኤጀንሲው ጋር ሲዋዋል የበዓል ቀን እጥፍ ክፍያን በዋጋው ውስጥ እንዲገባ መጠየቅ ይችላል፤ ይህን ካልጠየቀ ርካሽ ዋጋ ያገኘው ከጥበቃው በዓል ላይ ቆርጦ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ሁለተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የገበያው ሁኔታ ነው። ከኮቪድ በኋላ ሳያገግም፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የባሕር ዳርን የቱሪዝም ሥራ ክፉኛ ጎድቶታል። እንግዳ የማይገባበት ሆቴል፣ ተሳፋሪ ያጣ ጀልባ ስለ እጥፍ ክፍያ ሲነገረው ቢቆጣ ይገባኛል። መልሴ ግን ጉዳዩ በትክክል ሲታይ ለችግር ጊዜ የሚስማማው ይኸው ቅደም ተከተል ነው የሚል ነው። ደመወዝን ቀድሞ መክፈል ወጪ የለውም። ተራን በዕጣ ማውጣት ወጪ የለውም። ቀኑን አስቀድሞ መለጠፍ ወጪ የለውም። እንግዳ በሌለበት ቀን ደግሞ ሆቴሉ ሁሉንም ሠራተኛ ማስገባት የለበትም፤ ጥቂት ተረኞችን በተገቢው ክፍያ አስቀርቶ ሌላውን ማሳረፍ ይቻላል። ገንዘብ ሲያጥር መቅረት ያለበት አዳራሹና ድምፅ ማጉያው ነው፤ የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚታየው ነገር ይጠበቅና የማይታየው ይቆረጣል። እውነት የሚያቅተው አሠሪ ቢኖር እንኳ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሂሳቡን አሳይቶ መነጋገር ይችላል፤ በችግር ጊዜ በግልጽ የተነገረውን ሠራተኛ አይረሳውም። ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ ግን ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከልብ የሚነሣ ነው፤ በዓል የፍቅር ጉዳይ ሆኖ ሳለ በአንቀጽና በሰዓት ስሌት ብናስረው ለዛውን አያጣም ወይ የሚል። አሠሪና ሠራተኛ እንደ ቤተሰብ የሚተያዩባቸው ትናንሽ ድርጅቶች አሉ፤ እዚያ ጋሼ ወይም እትዬ በራሳቸው እጅ የሚሰጡት ዶሮ ከማንኛውም ክፍያ ይልቅ ልብ ይሞላል። ይህን ማንም ሊያጣጥል አይገባም። ይሁን እንጂ ፍቅር የሚጸናው ዕዳ ሲከፈል ነው። የሚገባውን የተነፈገ ሰው ስጦታውን ሲቀበል ምስጋናው ከአንገት በላይ ይሆናል፤ ደግሞም በስጦታ ላይ የቆመ ግንኙነት ሠራተኛውን ዝም ያሰኘዋል፣ «ባለፈው ዶሮ ተሰጥቶህ» የሚለው ቃል ለእጥፍ ክፍያ ጥያቄ መልስ ሆኖ ይቀርባል። መብቱ የተጠበቀለት ሠራተኛ ግን ዶሮውን በነፃነት ይቀበላል፣ በነፃነት ያመሰግናል፣ ቢያሻው አሠሪውን ቤቱ ይጠራል። የመብቱ መጻፍ በዓሉን ከልመናና ከይሉኝታ ያላቅቀዋል።

ስለዚህ መደረግ ያለበት ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ አሠሪ መስከረም ላይ አንድ ገጽ ያውጣ፦ በዓመቱ የሚዘጋባቸው ቀናት፣ ሥራው ግማሽ ቀን የሚሆንባቸው እንደ ከተራ ያሉ ቀናት፣ የተረኞች ዝርዝር፣ የበዓል ክፍያው ስሌት፣ ከእያንዳንዱ ታላቅ በዓል በፊት ደመወዝ የሚገባበት ቀን፣ የቀን ሠራተኛውና የኤጀንሲው ሠራተኛ የሚደርሳቸው። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ይህ የኅብረት ስምምነቱ አካል ይሁን፤ ማኅበር በሌለበት በር ላይ ይለጠፍ። የክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮም ቁጥጥር ሲወጣ ይህን ገጽ ከሚጠይቃቸው ሰነዶች አንዱ ቢያደርገው፣ አዲስ አዋጅ ሳያስፈልግ ነባሩ ሕግ ወደ ሠራተኛው ይደርሳል። ከዚያ በኋላ አሠሪው በሬም ይጣል፣ ዘይትም ያድል፣ አዳራሽም ይከራይ፤ ማንም «ደመወዛችንስ?» ብሎ በልቡ የማይጠይቅበት ግብዣ ይሆንለታል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ዘንድሮ እፈጽማለሁ የሚል አሠሪ ካለ ከቀን ሠራተኛው ይጀምር፤ ሕጉ ለውሉ የተወለት፣ ውሉም ያልተጻፈለት እርሱ ነውና።